አምስተኛው ጣሳ

ጥር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ምንም የሌለበት ቀን። ሐይቁ ላይ ጭጋግ… ጭጋጉ ውስጥ የሚያስል ሰው… ሰውየው ግን አይታይም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሸዋዬ ነጠላዋን እያጣፋች ሮጠች። ልጇ ጽጌ በር ላይ ቆማ ለጡሩምባው መለሰችለት፤ «ኡኡኡ»። በየማለዳው ትመልስለታለች። ከፋብሪካው በኩል እስካሁን ቅሬታ አልቀረበም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ከወዳጅ አገር አንድ ካርቶን መጽሐፍ ደርሷል። ሁሉም ስለ ትራክተር። ከታች ግን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተሸጉጣ ተገኘች… ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት በጨዋታ ከፊደልና ከቁጥር ጋር ስለ ማላመድ። እንግሊዝኛዋ ሰባራ ነው፤ የኔም ያው ስለሆነ ተግባባን። ራሴ ጠየቅሁ፣ ራሴ ፈቀድሁ፣ ራሴ ተዋስሁ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች አርባ ባለ ቀለም የእንጨት ኩብ፣ የቁመት መስተዋት፣ ከተቻለም ፒያኖ ናቸው። እኛ ግቢ ያለው አንድ ሳፋ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ጣሳና አንዲት ዶሮ ነው። ይሞከራል።

ጥር 5

ለምን እኔ? መልሱ ቀላል ነው። ሥራ የምገባው ከምሳ በኋላ። ሸዋዬ ማለዳ ፋብሪካ ትገባለች። የቤቱ ባለቤት፣ እናቷ እማማ አገርነሽ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጅ ሮጠው አይዙም። ወንድሟ ክንዱ ማትሪክን በድጋሚ ለመፈተን እያጠና ነው፤ የሚያጠናው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የጽጌ አባት ገብረ መስቀል ሰሜን ዘምቷል፤ ልጁን ያያት አራስ ሳለች ነው። የቀረው ተከራዩ አስማማው ነው። እኔ። ማንም ሳይሾመኝ ሞግዚት ሆንሁ፤ የሚሽረኝም የለም።

ጥር 8

ጽጌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሐይቅ ዳር ወረድሁ። ጋሽ አደም ከሐይቁ ደንገል ታንኳ ያስራሉ። ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን በጥርሳቸው ይስባሉ፤ ስለዚህ የሚያወሩት በአፋቸው አንድ ወገን ነው። ቁርጥራጩን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው።

«ለምንህ ነው?»

«ፊደል ልሠራበት።»

ገመዱን ከጥርሳቸው አወጡ። «ደንገል ይንሳፈፋል እንጂ አይነበብም።»

«ሁለቱንም ያድርግ ብዬ ነው።»

«እንኪያስ ደረቁን ውሰድ። እርጥቡ ቶሎ ይጠግባል።»

ጽጌ ውሃው ላይ ያሉትን ትላልቅ ነጫጭ ወፎች አየቻቸው። ሁሉንም «ዶሮ» አለቻቸው። አላረምኋትም። መጽሐፏ «አትቸኩል» ትላለች… ደግሞስ ከዚያ ርቀት ማን ያውቃል?

ጥር 16

ፊደላቱን የቆረጠው ክንዱ ነው። በምላጭ፣ ጋደም ብሎ። ለጥናት ያልታዘዘ እጅ ለዚህ ታዘዘ። ሳፋው ውስጥ ውሃ ሞላንና ሁሉንም ለቀቅናቸው። ተንሳፈፉ! ጠዋቱ ፀሐይ ነበር፤ ውሃው ያበራል፤ ፊደሎቹ ቀስ እያሉ ይዞራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሸሻሉ። ሦስታችንም ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ ረፈደ። ማን ማንን እያስተማረ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ማጥመድ ተጀመረ። መጽሐፏ «በይ ብለህ አታስጠናት፤ አምጪልኝ በላት» ትላለች። ጽጌ ጭልፋ ያዘች። ሀ ጎድጓዳ ናት፤ መጠጫ። በ በርጩማ ነው። መ ሁለት ዓይን አለው። ዐ ዳቦ ነው… እሱን ነከሰችው። ፊደል ስለሚበላ ተማሪ መጽሐፏ የምትለው የለም።

ያጠመደችውን ለአያቷ ወሰደች። ዕለቱ ረቡዕ ነውና እማማ፣ ዓሣ በጾም አይበላም ብለው መለሷት። ክንዱ ደግሞ ይበላል ብሎ ተከራከረ። ይህ ክርክር በየደብሩ አላለቀም፤ አሁን ወደ ሳፋ ወርዷል።

ጥር 23

የቁጥር ምዕራፍ። «ልጁ ማዕድ ያሰናዳ፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ኩባያ ያስቀምጥ።» ቀላል ነው። ጣሳዎቹን ለጽጌ ሰጠኋት። ለእማማ፣ ለእማዬ፣ ለጋሼ (ለእኔ ማለት ነው)፣ ለራሷ። ከጓዳ ክንዱ «እኔስ?» አለ። ሮጣ አመጣችለት። ተደረደሩ። በጣቷ እየነካካን አብረን ቆጠርን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

እማማ አገርነሽ እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ።

«አንተ አስማማው፣ ሰው ትቆጥራለህ?»

ጣሳ ነው የቆጠርነው አልኋቸው። አልተቀበሉኝም። ሰው አይቆጠርም። ከብትም አይቆጠርም። የቆጠሩት ይጎድላል። ታዲያ ሁሉም መግባቱ እንዴት ይታወቃል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የተማረ ሰው ጥያቄ።

«በስሙ እጠራዋለሁ። ያልመጣው አቤት አይልም።»

ስለ ሒሳብ ሳይንስ ጥቂት ላስረዳቸው ሞከርሁ። እሳቸው በሉ። እኔ ሳስረዳ ወጡ አለቀ።

የካቲት 2

ጽጌ በየማታው አምስት ጣሳ። አንድም አትስትም። ክንዱ ሆን ብሎ ዘግይቶ ይመጣና «እኔስ?» ይላል፤ እሷ ጣሳውን በሁለት እጇ ታሳየዋለች። ይህ ለእሷ የቀኑ ትልቁ ቀልድ ነው። ለእኔም ሳይሆን አልቀረም።

የካቲት 9

በቀበሌው ስብሰባ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ተነገረ። የክንዱ ዕድሜ በልኩ ነው። እማማ ከስብሰባ ሲመለሱ የግቢውን በር ቀረቀሩ። ሸዋዬ ወንድሟን እያየች «አንድ ሰጥተናል» አለች። ባሏን ማለቷ ነው… ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል።

ከዛሬ ጀምሮ ክንዱ መተከል አጎቱ ዘንድ ሄዷል። ማለትም ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የኔን መጻሕፍት እያነበበ። ማትሪክ ሊያልፍ ነው መሰለኝ።

(ይህን መጻፍ ሞኝነት ነው። ደብተሩ ከነገ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ይውላል፤ በትራክተሮቹ መካከል። ከዚያ የተሻለ ምሽግ በአገሩ የለም።)

የካቲት 16

ማለዳ ከጽጌ ጋር ሐይቅ ዳር። ውሃና ሰማይ አንድ ዓይነት ግራጫ… መለያያቸው ጠፍቶ ታንኳዎቹ በአየር ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ወፎቹን ቆጠርን። እስከ አምስት ከቆጠረች በኋላ የተረፉት ሁሉ «ብዙ» ናቸው። ጥሩ ሥርዓት ነው። ለሰው አምስት፣ ከዚያ ብዙ።

ስንመለስ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከዘንባባ እስከ ዘንባባ፣ አዲስ ጨርቅ ተሰቅሏል። መፈክሩ ረጅም ነው። ጽጌ መ-ዎቹን ለየቻቸው። በጣቷ እየጠቆመች «ዓይን! ዓይን!» አለች።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያዩናል» አለችኝ።

ማንበብ ጀምራለች ማለት ነው።

የካቲት 24



ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ነበር። ስኳር የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው። ሱቁንም ምዝገባውንም የያዘው ጓድ ወልደ ዮሐንስ ነው፤ ሰፈሩ ያሳደገው ልጅ፣ አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። ጽጌን አገጯን ነካ አድርጎ «እናንተ ቤት ስንት ናችሁ?» አላት፤ ለጨዋታ። ለጨዋታ ነበር?

አምስቱንም ጣቶቿን ዘረጋች። አንድ በአንድ፣ በጥራት፣ እንዳስተማርኋት። «አምስት!»

ወልደ ዮሐንስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አምስተኛዋ ዶሮዋ ናት» አልሁ።

ሰልፉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ግን ቆየት ብሎ። የአራት ሰው ስኳር ሰፈረልኝና «ዶሮ ስኳር አትበላም» አለ። ቤት እስክንደርስ ጽጌ ሌሎች ነገሮችን ቆጠረች፤ በር፣ ውሻ፣ ዛፍ። ሁሉንም ትክክል። እንዲህ ያለ ተማሪ ስንቱ መምህር ተመኝቶ አጥቷል…

መጋቢት 1

የተማረ ልጅ እንዴት እንዲረሳ ይደረጋል? መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥሁ። የለም። ማስተማር ላይ ሰማንያ ገጽ፣ ማስረሳት ላይ ባዶ።

አምስተኛውን ጣሳ ደበቅሁ። ጽጌ ፈለገች። አጣች። አላለቀሰችም፤ የኔን የመላጫ ኩባያ አምጥታ በቦታው አስቀመጠች። እሱንም ደበቅሁ። ጭልፋ አመጣች። ጭልፋውን ቀማኋት፤ የጫማዋን አንዱን እግር አመጣች። ክንዱ ከመጋረጃው ጀርባ አፉን በትራስ አፍኖ ይስቃል። ሸዋዬ አልሳቀችም።

መጋቢት 5

«መጉደል» የሚል ምዕራፍ አለ። አምስት ዓሣ፣ አንዱ ዋኝቶ ሄደ፣ ስንት ቀረ? በፊደሎቹ ሞከርን። ገባት። በወፎች፣ ገባት። በእንቁላል፣ ገባት፤ አንዱን ሰብራ አረጋገጠችልኝ። «እንግዲህ ክንዱም ሄደ፤ ስንት ቀረን?» አልኋት።

«ክንዱ ጓዳ ነው» አለች።

 መልሱ ልክ ነው።

ለእማማ አገርነሽ ተሸነፍሁ ብዬ ነገርኋቸው። «ጥር ላይ ብትሰማኝ ኖሮ» አላሉኝም። ጉልበታቸውን እያሹ «ተዋት፤ ታስቀምጥ» አሉ። «ጣሳ ላስቀመጠ ሰው ይመጣል።» ይህ ምን ማለት ነው? አልጠየቅሁም። ያስረዱኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

መጋቢት 17



አመሻሹ ላይ ልንበላ ቀርበናል። አምስቱ ጣሳ ተደርድሮ፣ ውሃ ተቀድቶ። ክንዱ ጓዳ እጁን ይታጠባል። «ቤቶች!» አለ ድምፅ፣ መልስም ሳይጠብቅ ጓድ ወልደ ዮሐንስ ገባ። መጋረጃው ተወዛወዘ። ነፋስ አልነበረም።

ወረቀት ይዟል። እማማ ጓድ አይሉትም፤ ወልዴ ይሉታል። ሰላምታቸውን አቋርጦ «እዚህ ቤት አሁን ስንት ናችሁ?» አላቸው።

«ሰው አይቆጠርም ወልዴ። በስም ልጥራልህ።»

ጠሩለት። አገርነሽ፣ ሸዋዬ፣ ጽጌ፣ አስማማው። ጻፈ። ሊወጣ ሲል ዓይኑ ማዕዱ ላይ ወደቀ። ጮክ ብሎ አልቆጠረም። ከንፈሩ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ከጣሳ ጣሳ፣ ቀስ እያለ… መጨረሻው ላይ ቆመ። 

እማማ አገርነሽ አምስተኛውን ጣሳ አነሡና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«ይቺ ለእግዜር እንግዳ ናት። በዚህ ቤት አንድ ትርፍ አይጠፋም። ይኸው መጣህ፤ ተቀመጥ።»

እናቱም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያውቃል። የዚህ አገር ልጅ የእንግዳ ውሃ ተቀብሎ ቆሞ አይጠጣም። ሽጉጡን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ጣሳውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጽጌ እንዲህ አለች፦

«የክንዱ ነው።»

ማንም አልተነቃነቀም። ዶሮዋ እንኳ። ወልደ ዮሐንስ ጣሳው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ልጅቱን አያት። ከዚያ መጋረጃውን። ከዚያ እማማን… እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር። ጠጣ። እስከ ታች ጠጣው። ውሃው ጉሮሮውን ሲያልፍ ይሰማ ነበር። ጣሳውን በቦታው፣ ልክ ጽጌ ካስቀመጠችበት ላይ መለሰው።

«መተከል ስትልኩበት፣ ወልዴ ጠጣልህ በሉት።»

በር ድረስ ሸኘሁት። ወደ መንገዱ እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ እንደሚናገር፣ «ቅዳሜ ከበላይ ሌሎች ይመጣሉ» አለ። «እነሱ ውሃ አይጠጡም።»

መጋቢት 19

ጎህ ሲቀድ ክንዱ ሄደ። ጭጋጉ ወፍራም ነበር፤ ደግ ጭጋግ። ጋሽ አደም ለገበያ እንጨት ሊያመጡ በየጊዜው ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ይሻገራሉ፤ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አዲሷ ታንኳ ናት፣ ጥር ላይ ሲያስሯት ያየናት። ክንዱ በሆዱ ተኛ፤ ደንገል ጫኑበት። የቀረው የእግሩ ጫማ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሸፈኑት። ከዘጌ ወዲያ የት? አልጠየቅሁም። የማላውቀውን ጽጌም አትቆጥረውም።

ጽጌ ትከሻዬ ላይ ናት። «ክንዱ ዓሣ ሆነ» አለች። ታንኳዋ ጥቂት ሄደችና ግራጫው ውስጥ ገባች፤ እንደ ፊደል ሳፋ ውስጥ… መጀመሪያ ዞር አለች፣ ከዚያ ቀጠነች፣ ከዚያ አልነበረችም። የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ትንሽ ቆየ። እሱንም መስማቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ማታ አምስት ጣሳ ደረደረች። «እኔስ?» የሚል ስታጣ እየተነሣች ጓዳውን ታያለች።

መጋቢት 22

ቅዳሜ። መጡ። ጓዳውን ፈተሹ። ያገኙት የኔን መጻሕፍት ነው። አንዱን አገላብጠው ጣሉት። ውሃ ሰጠናቸው። አልጠጡም።

ሚያዝያ 3

ጋሽ አደም ተመልሰው ሥራቸው ላይ ናቸው። እንዴት ነበር አልኋቸው። ገመዱን ከጥርሳቸው ሳያወጡ «ሐይቁ ተኝቶ ነበር» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ያንኑ ለእማማ ወስጄ ነገርኋቸው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሚያዝያ 18

ፋሲካ አለፈ። የክንዱ ፊደላት መስመጥ ጀምረዋል። ውሃ ጠጥተው ከብደዋል። ጽጌ ጭልፋዋን ታወርድና ከታች ታወጣቸዋለች። ዓሣው ጥልቅ ገብቷል ትላለች። ጋሽ አደም ታንኳም እንዲሁ ነው አሉ፤ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ ፊደል አሰጣን። ሀ፣ በ፣ መ… ከእነሱ ጎን ሁለት ታንኳ ፀሐይ ይሞቃል። ጽጌ በመካከላቸው እየተራመደች ሁሉንም በስማቸው ጠራቻቸው። እሷ ያወጣችላቸውን ሳይሆን የራሳቸውን። መጠጫ ሳይሆን ሀ። በርጩማ ሳይሆን በ። መቼ እንደተለወጠች አላየሁም። እንዲህ ያለው ነገር ሰው ሲያይ አይሆንም መሰለኝ።

ከክንዱ ምንም የለም። እማማ ማታ ማታ ስም ይጠራሉ፤ ዶሮዋን፣ ጽጌን፣ ሸዋዬን… ከዚያ አንድ ስም በከንፈራቸው ብቻ። ከዚያ ሌላ አንድ። አቤት የሚል የለም።

ግንቦት 2

የሕዝብ ቆጠራ ተጀምሯል። ትናንት አንዲት ትሑት ልጅ እርሳሷን ቀርጻ መጣች። እማማ ሰው እንደማይቆጠር አስረድተዋት ስም ጠሩላት። አራት ተብለን ተጻፍን። መንግሥት አሁን በይፋ ያውቃል፤ አራት ነን።

ዛሬ ማታ ጽጌ ጣሳዎቹን ልታመጣ ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቆመች። ጓዳውን አየች። መጋረጃው ከታጠበ ወዲህ ተሰብስቦ ታስሯል፤ ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነው። ማዕዱን ተመለከተች፤ እጆቿን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። አራት። ማንም አላስተማራትም። የመጉደል ምዕራፍ በራሱ ጊዜ ገባት። ጎበዝ ልላት ይገባ ነበር… አላልሁም። ሸዋዬ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

እማማ አገርነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ሁለት ጣሳ ይዘው ተመለሱ። የልጃቸውን አስቀመጡ። ከጎኑ፣ ጽጌ ለማታውቀው አባቷ፣ ሌላ አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን በጣታቸው ነኩ። ሲቆጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… አምስት… ስድስት።»

ጽጌ ተጠግታኝ ጆሮዬ ውስጥ ተንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ እማማ መቁጠር አትችልም።»

ማድጋውን አንሥቼ ውሃ ቀዳሁ። በስድስቱም።